የቆሻሻው እርጥብ ግማሽ

ቆሻሻ ሰው ይገድላል ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ኮሌራና ተቅማጥ ነው። ባለፈው ሩብ ምዕተ ዓመት ግን በድሃ አገሮች ከተሞች ቆሻሻ በክብደቱም ሰው ገድሏል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2000 በማኒላ ከተማ ዙሪያ የነበረው የፓያታስ ክምር ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀበረ። በየካቲት 2005 በኢንዶኔዥያዋ ባንዱንግ አቅራቢያ ከ140 በላይ ሰዎች በተመሳሳይ ናዳ አለቁ። በ2017 ዓመቱን ሙሉ ወሬው ይኸው ነበር ማለት ይቻላል፤ በመጋቢት አዲስ አበባ፣ በሚያዝያ ኮሎምቦ፣ በነሐሴ ኮናክሪ፣ በመስከረም ዴልሂ። በዓመቱ ማፑቶ፣ በ2024 ደግሞ ካምፓላ ተከተሉ።

የአዲስ አበባው ቆሼ በይፋ ስሙ ረጲ ነው። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ፣ ከ36 ሄክታር ያላነሰ ቦታ የያዘ ክምር ነው። ሲጀመር ከከተማ ውጪ ነበር፤ ከተማዋ እየሰፋች ደረሰችበት፣ አልፋውም ሄደች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ አንደኛው ጎኑ ተደርምሶ ከሥሩ ያሉትን ጎጆዎች ከነሰዎቻቸው ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ከየአደጋው በኋላ የሚነሣው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። ሰዎቹ ለምን እዚያ ሰፈሩ? ማን አስነሥቷቸው ነበር? ዶዘሩ ለምን እዚያ ጫፍ ላይ ይሠራ ነበር? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ማኒላ፣ ባንዱንግ፣ ኮሎምቦና አዲስ አበባ በአየር ጠባይም በአስተዳደርም የማይመሳሰሉ ከተሞች ሆነው ክምሮቻቸው በአንድ ዓይነት መንገድ የሚናዱበት ምክንያት ከሰፈራና ከዶዘር በታች፣ ክምሩ ውስጥ ነው።

የዓለም ባንክ በ2018 ባወጣው ሰፊ ጥናት መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚጣለው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ፣ 56 በመቶ ያህሉ፣ የምግብ ትርፍራፊና ቅጠላ ቅጠል ነው። በሀብታም አገሮች ይህ ድርሻ 32 በመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪው ወረቀት፣ ካርቶን፣ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆና ቆርቆሮ ነው። ድሃው ከተሜ የሚጥለው በመጠን ጥቂት ነው። ከሰሃራ በታች ያለ ሰው በቀን በአማካይ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ሰሜን አሜሪካዊው ከ2 ኪሎ በላይ ይጥላል። ጥቂቱ ግን ውኃ ያዘለ ነው።

በበዓል ማግስት አንድ የአዲስ አበባ መንደር ገንዳ ዘንድ የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት ሠንጠረዥ አያስፈልገውም። የሽንኩርት ልጣጭ በማዳበሪያ ታጭቆ፣ የዶሮ ላባ ከነደሙ፣ የበግ ፈርስ፣ ተጠርጎ የወጣ ቄጠማ፣ የቡናና የጠላ አተላ፣ ግማሹ የተበላ እንጀራ። ከሥሩ ጥቁር ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ አስፋልቱን አቋርጦ ወደ ቱቦው ይወርዳል። ገንዳውን የሚያነሣው መኪና ሲመጣ ደግሞ ያው ፈሳሽ መንገዱን ሁሉ እያንጠባጠበ ይሸኘዋል። ይህ ሁሉ ተጭኖ ሄዶ፣ ከላይ ሌላ ተደርቦበት፣ በአሥር ሜትሮች ከፍታ ሲከመር ምን ይሆናል?

መጀመሪያ በውስጡ የቀረውን አየር ረቂቅ ተሕዋስያኑ ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ ያለ አየር የሚኖሩት ይረከባሉ፤ ክምሩ ይግላል፣ ሚቴን የተባለው ጋዝ ይወጣዋል፣ የበሰበሰው ነገር ቅርጹን ያጣና ይሰምጣል። ዝናብ ሲጥል ውኃው ይሰርጋል። በመካከል የተነጠፈው የፌስታልና የላስቲክ ንጣፍ ውኃውን ይዞ ያቁረዋል፤ ለላይኛው ክፍል መንሸራተቻ ይሆናል። ውኃ የጠገበ፣ በጋዝ የተወጠረ፣ ሸርተቴ የተነጠፈለት ተዳፋት አንድ ቀን መናዱ ምሥጢር አይደለም። በባንዱንጉ አደጋ ናዳው የጀመረው ከከባድ ዝናብ በኋላ በሚቴን ፍንዳታ ታጅቦ ነበር።

ናዳው ዜና ይሆናል፤ ጋዙ አይሆንም። ሚቴን በ20 ዓመት ጊዜ ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ የበለጠ ሙቀት ያምቃል። የዓለም ባንኩ ጥናት ከደረቅ ቆሻሻ አያያዝ የሚወጣውን ብክለት በ2016 ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት 5 በመቶ ያህል አድርጎ ገምቶታል። ይህም ቢሆን ዝቅ ያለ ስሌት ሳይሆን አይቀርም። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ዴልሂን፣ ሙምባይን፣ ላሆርንና ቦነስ አይረስን በሳተላይት ተመልክቶ፣ ከከተሞቹ የሚወጣው ሚቴን በዓለም አቀፍ መዝገቦች ከሰፈረው ከ1.4 እስከ 2.6 እጥፍ እንደሚበልጥና ቆሻሻ መጣያዎቹ ለዚህ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል።

የዴልሂው ጋዚፑር የዚህ ሁሉ ማሳያ ነው። በ1984 ተከፈተ፣ በ2002 ሞልቷል ተባለ፣ ከዚያ በኋላም መኪናው መምጣቱን አላቆመም። በ2019 ቁመቱ 65 ሜትር ደርሶ የሕንድ ጋዜጦች ከታጅ ማሃል ጋር ያወዳድሩት ጀመር። በበጋ ይቀጣጠላል፤ እሳቱ ከውስጥ በሚወጣው ጋዝ ስለሚቀለብ የእሳት አደጋ መኪና ውኃ ቢያርከፈክፍበትም ለቀናት ይጨሳል። ሚሊዮኖች ያንን አየር ይተነፍሳሉ።

ክምሩ ራሱ ባይቀጣጠል ሰው ያቀጣጥለዋል። መኪና የማይደርስበት ሰፈር፣ ቆሻሻ አንሺው ሁለት ሳምንት የቀረበት ግቢ፣ ቦታ ያጣ የመጣያ ኃላፊ፣ ሁሉም ክብሪት ይጭራል። በ2014 የወጣ አንድ ታዋቂ ስሌት ከዓለም ቆሻሻ 40 በመቶው በሜዳ ላይ እንደሚቃጠል ገምቷል። ፌስታልና የኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን በዝቅተኛ ሙቀት ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባሉ መርዞች ይወጣሉ፤ እነዚህም አፈር ላይ አርፈው፣ በዶሮ ተለቅመው፣ በእንቁላል ሰው ቤት ይገባሉ። በጋናዋ አክራ አግቦግብሎሺ የተባለው ሰፈር፣ ወጣቶች መዳብ ለማውጣት ገመድ ሲያቃጥሉ የኖሩበት፣ ለዚህ ምስክር ነው። በ2019 ይፋ በሆነ ምርመራ እዚያ ከሚጭሩ ዶሮዎች የተገኘ አንድ እንቁላል የበላ ሰው የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአንድ ቀን ከሚፈቅደው የዳይኦክሲን መጠን 220 እጥፍ እንደሚያገኝ ተሰልቷል።

ናይሮቢ ደግሞ ሌላ መርዝ አላት። በ1975 የተከፈተው የዳንዶራ መጣያ ከሁለት አሥርተ ዓመታት በፊት ሞልቷል ተብሏል፤ አሁንም ይሠራል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2007 ባስጠናው ጥናት በአካባቢው ከሚኖሩ 328 ልጆች ደም ተወስዶ ሲመረመር የግማሾቹ የእርሳስ መጠን በወቅቱ ተቀባይነት ካለው ወሰን ላይ የደረሰ ወይም ያለፈ ሆኖ ተገኘ። የዚሁ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት ያለው እዚያው ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ውስጥ ነው። ዓለም ስለ አካባቢ የሚመክርባት ከተማ የራሷን ክምር ለመዝጋት ይህን ያህል ዓመት መቸገሯ ጉዳዩ በዕውቀት ማነስ ብቻ የሚመካኝ አለመሆኑን ያሳያል።

ስለ ቱቦና ስለ ጎርፍ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ክረምት በገባ ቁጥር አዲስ አበቤ ያየዋል። ፌስታል የጋረደው ቱቦ ውኃውን ወደ ቤት ይመልሰዋል። ባንግላዴሽ ከ1988 እና ከ1998ቱ ጎርፍ ተምራ በ2002 ስስ ፌስታልን በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ሆነች፤ ፌስታሉ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ዳካ ገበያዎች ተመለሰ። ክልከላ ተተኪውን ይዞ ካልመጣ ዕድሜው አጭር ነው።

ወንዙ ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት። ከክምሩ ሥር የሚወጣው ጥቁር ፍሳሽ አሞኒያ፣ ጨውና ከባትሪ፣ ከቀለምና ከቆርቆሮ የተሟሟ ብረት የያዘ ነው። ሥሩ ያልተለሰነ መጣያ ይህን ወደ ከርሰ ምድርና ወደ ጅረት ይለቃል። የቆሼ ተዳፋት የሚያፈሰው ወደ ትንሹ አቃቂ ተፋሰስ ነው፤ ትንሹና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ አዋሽ ይቀበላቸዋል። በእርግጥ የአቃቂን መጥቆር ለቆሼ ብቻ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው። የቆዳ ፋብሪካው፣ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽና ወንዝ ዳር ሌሊት የሚደፋው ቆሻሻ ድርሻቸው ይበልጣል። ለገበሬው ግን ሁሉም አንድ ውኃ ነው። በቄራ፣ በጎፋ፣ በመካኒሳና በአቃቂ ወንዝ ዳር በዚያ ውኃ የሚለማው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ለከተማዋ ገበያ ይቀርባል፤ በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ምርመራዎችም በቅጠላማዎቹ አትክልቶች ላይ እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። ከተማው የጣለውን በሳህን መልሶ ያገኘዋል ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ እርጥብ ግማሽ ቀድሞስ የት ይሄድ ነበር? አዲስ አበባ ለብዙ ዘመን የሌሊት ጽዳት ሠራተኛዋ ጅብ ነበር፤ የቄራውን ትርፍና የሞተውን እንስሳ እሱ ይጨርስ ነበር። በየግቢው ያለው በግ ልጣጩን፣ ላሚቱ አተላውን ይጋሩ ነበር። የተረፈው ጓሮ ተቆፍሮ ይቀበራል፤ ጎመኑ ይበቅልበታል። ማንም ይህን ሥርዓት ብሎ አልጠራውም። ቤቱ ፎቅ ሲሆን፣ ጓሮው ሲጠፋ፣ በጉ ለዓውደ ዓመት ብቻ የሚመጣ እንግዳ ሲሆን ሥርዓቱ አብሮ ጠፋ፤ በቦታው የተተካው ገንዳና መኪና ነው።

የማዘጋጃ ቤቶች ትኩረትም እዚህ ላይ ነው፤ ማንሣት። የዓለም ባንክ እንደሚለው በድሃ አገሮች ከተሞች ከማዘጋጃ ቤት በጀት 20 በመቶ ያህሉ ለቆሻሻ ይወጣል፤ የዚህ አብዛኛው ማንሻና ማጓጓዣ ነው። እንዲያም ሆኖ በነዚህ ከተሞች የሚነሣው ግማሹ ብቻ ነው። ከሚጣለው ቆሻሻ 93 በመቶው ደግሞ ይቃጠላል ወይም በመንገድ፣ በባዶ ቦታና በወንዝ ይደፋል። ከንቲባ የሚመዘነው በጎዳናው ንጽሕና ስለሆነ ይህ አያስገርምም። ክምሩ ድምፅ አይሰጥም፤ ከሥሩ ያሉት ሰዎችም ብዙ ጊዜ የቤት ካርታ የላቸውም።

ጎዳናን ማጽዳት ክምርን ማሳደግ ነው። ነገሩን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል፤ የማንሳት አቅም ከማስወገድ አቅም ሲቀድም ብክለቱ ከተበታተነበት ተሰብስቦ አንድ ቦታ ይከማቻል እንጂ አይቀንስም። ኪጋሊ በንጽሕናዋ በአፍሪካ ምሳሌ ናት፤ ሩዋንዳ ፌስታልን የከለከለችው በ2008 ነው፤ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ነዋሪው ወጥቶ ይጠርጋል። ቢሆንም የተጠረገው የሚሄደው በ2012 የኒያንዛው መጣያ ሲዘጋ ወደ ተከፈተው ንዱባ ኮረብታ ነበር፤ ንዱባም ለዓመታት ከተራ ክፍት መጣያ የተሻለ አልነበረም። ጎብኚ ንዱባን አያይም።

አዲስ አበባ ይህን ለማስተካከል የሞከረችበት መንገድ ሁለት ሲሆን ሁለቱም ይመከርባቸዋል።

የመጀመሪያው ሰንዳፋ ነው። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ብድር የተገነባው ዘመናዊ መጣያ ሥሩ የተለሰነ፣ ፍሳሹ የሚጠራቀምበት፣ በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር የተሟላለት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዓመት ሳይሞላው ቆመ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው፣ ውኃቸውና ከብቶቻቸው ላይ ያመጣው ጣጣ አንገፍግፏቸው ነበር፤ ወቅቱ ደግሞ ኦሮሚያ በተቃውሞ የተናጠችበት፣ የከተማዋ መስፋፋት ራሱ የፖለቲካ ቁስል የሆነበት ነበር። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ የተናደው ክምር ይህን የተመለሰ ጭነትም ተሸክሞ ነበር። ሰንዳፋን የጣለው የምሕንድስና ጉድለት ብቻ አይመስልም። የአንዱን ከተማ ጥራጊ ሌላው አካባቢ እንዲቀበል ሲጠየቅ፣ ተቀባዩ ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ቀድሞ አልተመለሰም። ካሳ የተከፈለው ለመሬቱ ነው፤ አጠገቡ እየኖረ ለሚያሸተው ሰው ግን አልታሰበለትም።

ሁለተኛው እዚያው ቆሼ የቆመው የረጲ ኃይል ማመንጫ ነው። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ተባለ። በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥልና 25 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታሰበ ነው። ለከተማዋ ትልቅ ኩራት ነበር፤ ከናዳው በኋላ ለመጣው ሐዘን እንደ መልስም ተቆጠረ። ከምረቃው በኋላም ቆም ብሎ እንደገና የተነሣባቸው ጊዜያት ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው እርጥቡ ግማሽ ተመልሶ የሚመጣው። ቆሻሻ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ እንዲነድ በኪሎ በአማካይ 7 ሜጋ ጁል ያህል የሙቀት ኃይል ሊኖረው እንደሚገባ፣ በየትኛውም ወቅት ከ6 እንዳይወርድ የዓለም ባንክ ከ1999 ጀምሮ ሲመክር ቆይቷል። ወረቀትና ፕላስቲክ የበዛበት የኮፐንሃገን ቆሻሻ ይህን በቀላሉ ያልፋል። የሽንኩርት ልጣጭና ፈርስ ግን ከመንደዱ በፊት መድረቅ አለበት፤ ማድረቂያው ከዚያው ከእሳቱ የሚወሰድ ሙቀት ነው። በመሆኑም በእንዲህ ዓይነቶቹ ማመንጫዎች ቆሻሻው ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ለቀናት ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ዴልሂ ይህን ቀድማ ቀምሳዋለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዴንማርክ እገዛ በቲማርፑር የተተከለው ማቃጠያ በቀን 300 ቶን እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር፤ የመጣለት ቆሻሻ ውኃና አፈር ሆኖበት በ21 ቀን ቆመ። ማቃጠያው የሚፈልገው ደረቁን ነው፤ ደረቁን ደግሞ ሌላ ሰውም ይፈልገዋል።

ያ ሌላ ሰው ቆራሌው ነው። በየሰፈሩ እየዞረ ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውን፣ ያረጀ ጫማውን የሚሰበስበው፤ ሃይላንዱን በጆንያ አጭቆ ከራሱ በላይ ተሸክሞ የሚያልፈው፤ በቆሼም ጫፉ የታጠፈ ብረት ይዞ መኪናው እስኪገለበጥ የሚጠብቀው ለቃሚ። ምናለሽ ተራ የደረሰ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃና ማንደጃ ሆኖ ይወጣል። ይህን ሥራ ማዘጋጃ ቤት አይከፍልበትም፤ ቢከፍልበት ዋጋው ብዙ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2013 በዓለም ከ19 እስከ 24 ሚሊዮን ሰዎች በቆሻሻና በመልሶ መጠቀም ሥራ ላይ እንዳሉ ገምቶ፣ መደበኛ ቅጥር ያላቸው 4 ሚሊዮን ብቻ መሆናቸውን ጽፏል። ቆሼ ላይ ለቃሚው በናዳ ሞተ፤ ከናዳው በኋላ አካባቢው ሲታጠር ደግሞ እንጀራው ተነካ። በሪዮ ዴ ጃኔሮ ጃርዲም ግራማሾ የተባለው ግዙፍ መጣያ በ2012 ሲዘጋ ለለቃሚዎቹ ለእያንዳንዳቸው 14,000 ሪያል ያህል ካሳ ተከፍሏል። ካሳው በቂ ነበር ማለት አይደለም፤ ሥራ የነበራቸው ሰዎች ተብለው መቆጠራቸው ግን ለውጥ ነበር።

የሕንዷ ፑኔ ከዚህም ራቅ ብላ ሄዳለች። ለቃሚዎቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከ1993 ጀምሮ ማኅበር ነበራቸው፤ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ስዋች በተባለ ኅብረት ሥራ ማኅበር ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተዋውለው ቤት ለቤት ይሰበስባሉ። እርጥቡና ደረቁ ደጃፍ ላይ ተለይቶ ይሰጣቸዋል፤ የአገልግሎት ክፍያው የእነሱ ነው፤ የደረቁን ሽያጭም ይወስዳሉ። የተለየ ቆሻሻ ማግኘት ኑሯቸው ስለሆነ፣ ባለቤቲቱ ቀላቅላ ስትሰጥ ከማንኛውም የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ይልቅ የሚቆጧት እነሱ ናቸው።

እርጥቡን ስለሚለየው ከተማ ከተነሣ ሱራባያ ትጠቀሳለች። ይህች የኢንዶኔዥያ ከተማ መጣያዋ በነዋሪዎች ተቃውሞ ሲዘጋባት፣ ከጃፓኗ ኪታኪዩሹ የመጡ ባለሙያዎች ታካኩራ በተባለው የቤት ውስጥ ኮምፖስት ዘዴ አገዟት። ዘዴው ዕዳው ገብስ ነው፦ አየር የሚያስገባ የልብስ ቅርጫት፣ ዙሪያውን ካርቶን፣ ውስጡ የሩዝ ገለባና በስኳር ውኃ የተዘጋጀ እርሾ። ማዘጋጃ ቤቱ ቅርጫቶቹን በሺዎች አደለ፤ የሴቶች ማኅበራት አሠልጣኝ ሆኑ። በጥቂት ዓመታት ወደ መጣያ የሚሄደው ቆሻሻ ከ20 በመቶ በላይ ቀነሰ። ዳካ ውስጥ ደግሞ በ1995 የተመሠረተው ዌስት ኮንሰርን የሰፈርና የገበያ ቆሻሻን ወደ ማዳበሪያ እየለወጠ ለገበሬ ሸጧል፤ ሳይወጣ የቀረውን ሚቴን አስመዝግቦም በካርቦን ገበያ ገንዘብ አግኝቷል።

ኮምፖስት ያለ ጣጣ የሚሄድ ሥራ ነው ብሎ የሚያቀርብ ሰው ግን መታመን የለበትም። በትልልቅ ማሽን የተጀመሩ ማዳበሪያ ፋብሪካዎች በእስያም በአፍሪካም በብዛት ተዘግተዋል። ምክንያታቸው ተመሳሳይ ነው፤ የተቀላቀለ ቆሻሻ ይገባል፣ ብርጭቆና ባትሪ ያለበት ማዳበሪያ ይወጣል፣ ገበሬው አይገዛም። ለአዲስ አበባ ቀላሉ ጅማሮ ቤት ለቤት ሳይሆን የአትክልት ገበያው ይመስላል። ከፒያሳ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት የተዛወረው አትክልት ተራ በየቀኑ የሚያወጣው የጎመን ቅጠልና የቲማቲም ብስባሽ ገና ከመነሻው ያልተቀላቀለ ነው። ማንም መለየት አያስፈልገውም፤ መኪናውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ብቻ ነው።

የቆየው ክምር ደግሞ የራሱ ሕክምና አለው። በጃፓን ፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ የተፈለሰፈውና በ1979 የአገሪቱ መለኪያ የሆነው ዘዴ በክምሩ ሥር ባለ ቀዳዳ ቱቦዎችን ይዘረጋል፤ ፍሳሹ በቱቦዎቹ ይወጣል፣ አየር በእነሱው ይገባል። አየር ያገኘ ክምር ቶሎ ይበሰብሳል፣ የሚያወጣው ሚቴንም ያንሳል፤ ውኃ ስለማያቁር ይረጋጋል። ከናዳው በኋላ በጃፓን መንግሥት ገንዘብና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም አማካይነት ቆሼ ላይ የተሠራው ይኸው ነው። ቱቦው ሊሠራ የሚችለው በቀርከሃና በተጣለ በርሜልም ስለሆነ ዋጋው የድሃ ከተማን ኪስ አይጎዳም።

ሕግ በበኩሉ አልጠፋም። ፊሊፒንስ ፓያታስ በተናደ በስድስት ወሩ በምንጩ መለየትን የሚያስገድድ አዋጅ አወጣች። ኢንዶኔዥያ በ2008 ክፍት መጣያዎች በአምስት ዓመት እንዲዘጉ ደነገገች፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ ከአሥር ዓመት በኋላም ያልተዘጉት ብዙ ነበሩ። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታልን ከከለከለ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ማንኛውም ጉሊት የሄደ ሰው ይመሰክራል፤ በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የፕላስቲክ ከረጢትን ጠንከር ባለ ቅጣት የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ያው የ1999ኙ አዋጅ እያንዳንዱ አባወራ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይም አዝዞ ነበር። በጥንቃቄ የሚለዩ ቤቶች አሉ፤ ሁለት ማዳበሪያ ይዘው ደጃፍ ላይ ያስቀምጣሉ። ጋሪው ግን አንድ ነው፣ ገንዳውም አንድ፣ የመኪናው ሣጥንም አንድ። ለየብቻ የታሰረው ሃይላንድና የጎመን ቅጠል ገንዳው ውስጥ ይገናኛሉ፤ በማኅበር የተደራጁት አንሺዎችም የሚከፈላቸው በጫኑት መጠን በሆነበት ቦታ፣ ከሁሉ የሚከብደውን እርጥቡን የሚተዉበት ምክንያት የላቸውም።